የተሰበረው እጅና የመልስ ግጥሚያው



በአምቦ ከተማ የምንኖር ወላጆች ነን። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃችን ቦክስ ይሰለጥናል። ባለፈው ዓመት ከጉደር ከመጣ ልጅ ጋር ሲጋጠም ቀኝ እጁ ተጎዳ፤ በነጥብም ተሸነፈ። ጎረቤቱ ሁሉ “ወጌሻ ይይለት” ስላለ እኛም እሺ ብለን አሳሸነው። ሌሊቱን እጁ አብጦ ሲያቃስት አደረ። በማግስቱ ራጅ ሲነሣ ከትንሿ ጣቱ በታች ያለው የመዳፍ አጥንት ተሰብሮ ተገኘ። ጄሶ ታሰረለት፤ ስድስት ሳምንት እንዳይፈታም ተነገረን።

የመልስ ግጥሚያው ግን የተቀጠረው በአምስተኛው ሳምንት ነበር።

ልጁ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ያጉረመርም ጀመር። ጄሶው ቀደም ብሎ ቢፈታስ? ግራ እጁስ ጤነኛ አይደለም? አንድ ምሽት ከዒሻእ ሶላት በኋላ “ሙሐመድ ዓሊስ ተጎድቶ አልተመለሰም እንዴ?” አለን።

የዓሊን ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው እኛው ነን። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው ያደገው ሥዕል ነው። ስለ ሰውየው የነገርነው ግን ማሸነፉን ብቻ ነበር። ስለዚህ በዚያ ምሽትና በተከታዮቹ ምሽቶች ታሪኩን ከመጀመሪያው አንሥተን ነገርነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓሊ ገና ካሲየስ ክሌይ ሲባል፣ በ1960 በሮም ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል፤ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ነው። በየካቲት 1964 ሶኒ ሊስተንን ረትቶ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ወዲያውም እምነቱን በይፋ ገለጸ፣ ስሙንም ለወጠ። (በዚያን ጊዜ የተቀላቀለው ጀማዓ ትምህርት ከአህለ ሱና የራቀ ነበር። በ1972 ሐጅ አደረገ፤ ከ1975 ወዲህም ወደ ቀናው መንገድ አመራ። አልሐምዱሊላህ።)

የሊስተን የመልስ ግጥሚያ ለኅዳር 16 ቀን 1964 በቦስተን ተቀጥሮ ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው ዓሊን ሐኪሞች ኸርኒያ፣ አገሬው ቡአ የሚለው ሕመም ጣለውና በአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ግጥሚያው ስድስት ወር ያህል ተራዝሞ በግንቦት 25 ቀን 1965 ሌዊስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተካሄደ፤ በመጀመሪያው ዙርም በዝረራ አለቀ። ልጃችን እዚህ ላይ “አያችሁ፣ ተመለሰ” አለ። አዎን ተመልሷል፤ ነገር ግን ቁስሉ እስኪሽር ስድስት ወር ጠብቆ ነው፤ በአራተኛው ሳምንት ስፌቱን አልፈታም።

ሁለተኛው ዕረፍት ከጉዳት የመጣ አልነበረም። በሚያዝያ 1967 በሃይማኖቱ ምክንያት ወደ ቬትናም ጦርነት አልዘምትም አለ። ፈቃዱን ነጠቁት፤ ሻምፒዮንነቱንም ወሰዱበት፤ ፍርድ ቤትም አምስት ዓመት እስራትና አሥር ሺህ ዶላር ቅጣት በየነበት። ይግባኝ ብሎ በዋስ ስለወጣ አልታሰረም፤ ዳሩ ግን ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከመድረክ ርቆ ቆየ። ከሃያ አምስት እስከ ሃያ ስምንት ዓመት ያለው ዕድሜ ለቡጢኛ ምርጡ ዕድሜ ነው። ያ ጊዜ አልተመለሰለትም። በጥቅምት 1970 አትላንታ ላይ ጄሪ ኳሪን አሸንፎ ተመለሰ። በመጋቢት 8 ቀን 1971 ግን በጆ ፍሬዘር በአሥራ አምስት ዙር ተረታ፤ በመጨረሻው ዙርም መሬት ላይ ወደቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1971 በሙሉ ድምፅ ነፃ ለቀቀው።

ከፍሬዘር ጋር የመልስ ግጥሚያ ለማድረግ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጠበቀ። በጥር 1974 ሲገናኙ ሁለቱም ሻምፒዮን አልነበሩም፤ ዘውዱ ጆርጅ ፎርማን ዘንድ ሄዷል። በዚህ መካከል በመጋቢት 1973 ኬን ኖርተን የዓሊን መንጋጋ ሰብሮ በነጥብ አሸነፈው። መንጋጋው በሽቦ ታሰረ፤ ከአምስት ወር በላይ አርፎም በመስከረም ወር በጠባብ ነጥብ ብድሩን መለሰ።

ልጃችንን በይበልጥ የያዘው የኪንሻሳው ነገር ነው። ዓሊና ፎርማን በመስከረም 25 ቀን 1974 ሊጋጠሙ ዛየር ገብተው ሳሉ፣ ከግጥሚያው ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ ፎርማን በልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ተሰነጠቀ። ግጥሚያው ለጥቅምት 30 ተዛወረ፤ ሁለቱም እዚያው አገር ቆዩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው ዓሊ ሃያ አምስት ዓመት የሆነውን ጉልበተኛ ገመድ ላይ ተደግፎ እያስመታ አደከመውና በስምንተኛው ዙር ዘረረው። “የፎርማን ቁስል ባይድን ኖሮስ?” ብሎ ልጁ ጠየቀን። ቁስሉ ሳይሽር ማንም መድረክ ላይ አያወጣውም ነበር። ያን ጊዜ አፍሪካ ውስጥ አንድ ወር የጠበቁት የዓለም ኃያላን ናቸው፤ የእኛ ልጅ ግን ሦስት ሳምንት ከበደው። ይህን ስንለው ሳቀ።

ቀጥለን ማኒላን ነገርነው። በጥቅምት 1 ቀን 1975 ዓሊና ፍሬዘር ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከአሥራ አራተኛው ዙር በኋላ የፍሬዘር ዓይኖች አብጠው ሊከደኑ ደርሰው ነበር። እርሱ ልቀጥል እያለ አሰልጣኙ ኤዲ ፈች በቃ ብሎ አስቆመው። አንድ ዙር ብቻ ነበር የቀረው። ፍሬዘር በዚያ ቀን አሰልጣኙን የሚወደው አይመስለንም። እኛ ግን ወላጆች ነንና በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ልንመስለው የምንመኘው ሰው ኤዲ ፈች ነው።

ዓሊ ግን እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጠው አልሰማም። ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ ኩላሊቱ እየተጎዳ መሆኑን አይቶ እንዲያቆም መከረው፤ ስላልተሰማ በ1977 ተለየው። በ1978 ሊዮን ስፒንክስ በየካቲት ወሰደበት፣ በመስከረም አስመለሰ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1979 አቆምሁ አለ። እዚያ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት! በጥቅምት 1980፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ቀድሞ የልምምድ ጓደኛው ከነበረው ላሪ ሆምስ ጋር ተጋጠመ። አሥር ዙር ሙሉ ሲመታ ቆይቶ አሰልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ አስቆመው። በታኅሣሥ 1981 ደግሞ በትሬቨር በርቢክ ተሸነፈ። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ተነገረ። የቡጢው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሞች ተከራክረውበታል፤ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒኩን ችቦ ሲለኩስ እጁ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ግን እኛም በቴሌቪዥን አይተናል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ በዚያችው ከተማ ማራቶኑን ስታሸንፍ በደስታ ጮኸናልና ያን ሐምሌ አንረሳውም።

ልጁ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ።

የቀረውንም መናገር ነበረብን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊትን መምታት መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የመካው የሙስሊሙ ዓለም ሊግ የፊቅህ ጉባኤም በ1987 ቦክስ ሐራም መሆኑን ወስኗል። ይህን ከዚያ በፊት እናውቅ ነበር፤ ልጁ ከመጥፎ ባልንጀራ ርቆ ስናየው ግን ደስ ስላለን ዝም አልን። በአላህ ፊት የምንጠየቅበት ዝምታ ነው። ስንነግረው “ታዲያ ሥዕሉን ለምን ሰቀላችሁት?” አለን።

የሰቀልነው በ1967 ስላደረገው ነው አልነው። ለእምነቱ ሲል ሻምፒዮንነቱን አሳልፎ ሰጥቷልና። ልጁም “ይህን እስከ ዛሬ ነግራችሁኝ አታውቁም” አለ። እውነቱን ነው።

በጄሶው ሰሞን ውዱእ ሲያደርግ ማንቆርቆሪያውን እየተፈራረቅን እናፈስለት ነበር። በጄሶው ላይ በእርጥብ እጁ ማበስ እንደሚበቃው እኛም በዚያ ሰበብ ተማርን። የግጥሚያው ቀን መጥቶ አለፈ፤ ከቤት አልወጣም። በስድስተኛው ሳምንት ጄሶው ሲፈታ እጁ ነጥቶና ቀጥኖ ወጣ። በዚያን ቀን ለመግሪብ ብቻውን ውዱእ አደረገ፤ ውኃውን በቀኝ እጁ ላይ ሦስት ጊዜ ሲያፈስ በር ላይ ቆመን አየነው።

በሳምንቱ የጉደሩ ልጅ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ መሆኑን አላወቅንም ነበር። ቡና አፈላንላቸው። “ሐኪሙ ምን አለህ?” ሲለው “ከባድ ነገር ለመምታት ገና ሦስት ወር” አለው። “እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በኋላስ?” አለ እንግዳው። ልጃችን ወደ እኛ ዞሮ አየንና “ከቤተሰቦቼ ጋር እየተነጋገርንበት ነው” ሲል መለሰለት።