የአባዬ ኪኒን እና የአሜሪካው የዓሣ ዘይት

ወንድሜ ከሜሪላንድ ለገና ሲመጣ ከያዘው ሻንጣ ግማሹ ቫይታሚን ነበር። ለእማዬ የአጥንት፣ ለአክስቴ የፀጉር፣ ለአባዬ ደግሞ «የልብ» የተባለ ትልቅ የፕላስቲክ ብልቃጥ ደረሰው። ውስጡ ወፋፍራም፣ ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ እንክብሎች ሞልተውታል። ኦሜጋ ስሪ ነው፤ የዓሣ ዘይት።

አባዬ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ደም ግፊት እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ አምሎዲፒን ይውጥ ነበር፤ ወዶ ግን አልነበረም። «እግሬን ያሳብጠኛል» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ መድኃኒቱ እንዲህ የሚያደርጋቸው ሰዎች አሉ።

ቤታችን ውስጥ የመጀመሪያው ክርክር የተነሳው በጾም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እማዬ «ዓሣውስ ይሁን፤ ሽፋኑ ከምንድን ነው የተሠራው?» ብላ ያዘችን። የብልቃጡን ጀርባ አነበብኩላት፤ ጄላቲን፣ ከከብት። ፊቷን አዞረች። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን ሐጂ በበኩላቸው «ከአሳማም ይሠሩታል ሲባል ሰምቻለሁ» ብለው አባዬ የዘገነላቸውን እንክብል በትህትና መለሱለት። አባዬ ግን «መድኃኒት ጾም አያስፈታም» ብሎ ዋጠ።

በዚያው ጀርባ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ አንድ ሌላ ነገር ተጽፏል። ምርቱ በሽታን ለማከምም ሆነ ለመከላከል የታሰበ እንዳልሆነ፣ ስለ ልብ የተባለውንም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዳልገመገመው ይናገራል። አምራቾች ይህን እንዲጽፉ የሚያስገድደው እዚያው አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁሉም ስለ ጄላቲኑ ስለሚከራከር የሰማኝ የለም።

ሚያዝያ ላይ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ብልቃጡ ውስጥ ያሉት እንክብሎች እርስ በርስ ተጣበቁ። አባዬ በማንኪያ እጀታ ሲፈለቅቃቸው አንዱ ፈነዳ። ሽታው ሳሎኑን ሞላው፤ የዓሣ ዘይትን ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ያበላሹታል። እማዬ መስኮቱን እየከፈተች «ይሄንን ነው የምትበላው?» አለችው። እሱ ግን መዋጡን አልተወም።

አንድ ቀን ጠዋት ማጅራቱን ጨምድዶ ያዘው፤ ሲነሳም አዞረው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ነርሷ የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ አስራ ነፋች፤ ቁጥሩን አላመነችውም መሰል፣ ትንሽ አሳርፋው እንደገና ነፋች። 190 በ110።

«አባባ፣ መድኃኒትዎን አቋርጠዋል እንዴ?»

«ኧረ አላቋረጥኩም፤ ቀየርኩ እንጂ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። አባዬ የአሜሪካውን ከጀመረ ወዲህ አምሎዲፒኑን ትቶት ኖሯል። ወጣቱ ሐኪም አልተቆጣውም። «እግርዎን ካሳበጠዎት ይንገሩን፣ በሌላ እንቀይረዋለን። የዓሣ ዘይቱ ግን የግፊት መድኃኒትን አይተካም» አለውና ኢናላፕሪል ጻፈለት።

ወንድሜን ማን ይወቅሰዋል? ሜሪላንድ ውስጥ የዓሣ ዘይት ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ አንስቶ መግዛት ይቻላል፤ የግፊት መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጥለትም። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ሊገዛ የቻለው ነው።

የዘይቱ ዝና የመጣው ከሩቅ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ተመራማሪዎች የግሪንላንድ ኢኑይቶችን ደም መርምረው፣ የባሕር እንስሳ የሚበላ ሕዝብ ልቡ ደኅና ነው የሚል ሐሳብ አመጡ። ኋላ ግን ነገሩ በትልቅ ጥናት ተፈተነ። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የአሜሪካ ጥናት ከ25,000 በላይ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታተለ። በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት የወሰዱትና የማስመሰያ እንክብል የዋጡት ሲነጻጸሩ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በልብ በሽታ መሞት አንድ ላይ ተደምረው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሐኪም በከፍተኛ መጠን ሲያዝዘው ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብ ይቀንሳል፤ በዚያ መጠን ግን የልብ ምት መዛባትን ሊያመጣ እንደሚችልም ታውቋል።

አሁን እማዬ የወጡን ጨው ቀንሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አባዬ ሽሮው አልጣፈጠኝም እያለ ያማርራል፣ ኪኒኑን ግን ይውጣል። ከዝዋይ ዓሣ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። ቆሮሶ ኦሜጋ ስሪው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም በቅቤ ከተንሳፈፈ ክትፎ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ሻንጣ ከመሙላታችሁ በፊት አባታችሁ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ደውላችሁ ጠይቁ። በተለይ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ ከሆነ፣ ሐኪሙ ሳያውቅ የዓሣ ዘይትም ሆነ የነጭ ሽንኩርት እንክብል አትላኩ። ለልቡ የሚሆን ነገር መላክ ካማራችሁ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ላኩ፤ ከትርፍ ባትሪ ጋር።