ከቤቴል እስከ ሶማሌ ተራ፤ የአሮጌ ቮልስዋገን ዕቃ ፍለጋ

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ፥ ቤቴል የሚባል ሰፈር ይገኛል። ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ባደረበት ሌሊት መሰላሉን በሕልሙ ያየበትን፥ ቀድሞ ሎዛ ይባል የነበረውን ስፍራ ቤቴል ብሎ እንደ ጠራው፥ ትርጓሜውም የእግዚአብሔር ቤት እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ዛሬ ግን ይህን ስም አብዝተው የሚያነሡት በጦር ኃይሎች ቆመው መንገደኛ የሚጠሩት የታክሲ ረዳቶች ናቸው። ሰፈሩ ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም ገበያም ያለው፥ ቤተ ሰብ የበዛበት ሰፈር ነው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን የምናወራው በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሰው ስለ ቆሙት አሮጌ አውቶሞቢሎች ነው።

ከነዚህም መካከል ሕዝባችን በአጭሩ ቮልስ የሚለው የጀርመኑ ቮልስዋገን የተለየ ፍቅር አለው። ሞተሩ በስተ ኋላ ሆኖ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ ውሃ አይጠይቅም፤ አሠራሩም ያልተወሳሰበ ነውና ትጉህ ሰው በግቢው ውስጥ ሊፈታው ይችላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥታቸው ተሳፍረው የወጡት በዚሁ ዓይነት ቮልስዋገን ነበር። ጀርመኖች ይህን አውቶሞቢል መሥራታቸውን በ1978፥ ሜክሲኮዎችም በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አቆሙ፤ እስከዚያ ድረስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ነበር። እንግዲህ በየግቢያችን የቆመው ቮልስ ሁሉ ወላጅ ፋብሪካው መሥራቱን የተወው ነው።

ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ አዲስ መግዛት የራቀው ቤተ ሰብ ሸራውን ገልጦ አሮጌውን መመልከት ጀመረ። እኛም ወደ ቤቴል የሄድነው እንዲህ ያለውን አንድ ቤት ለማየት ነው።

የቤቱ እመቤት ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሟቹ በወጣትነታቸው የገዙት ሰማያዊ ቮልስ ከበር አጠገብ ከኮባው ሥር ቆሟል፤ ሦስቱም ልጆች መንዳት የተማሩት በርሱ ነው። ሞተሩ ከታጠበና ካንዴላው ከተለወጠ በኋላ ተነሥቷል፤ ፍሬኑም ታድሷል። ያልተገኘው የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ብቻ ነው። እርሱ ያረጀ እንደ ሆነ ጎማው ይወዛወዛል፤ ከተላቀቀም ጎማው ወደ ጎን ተኝቶ መሪው ሥራውን ያቆማል፤ ይህም በዳገት ላይ ቢደርስ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም። ታናሹ ልጅ ሁለት ጊዜ ገበያ ወርዶ ሁለት ጊዜም የማይገጥም ዕቃ ይዞ ተመልሷል። ብረት በኪሎ የሚገዛ ነጋዴም ወሬውን ሰምቶ ዋጋ አቅርቧል። እመቤቲቱም፥ «እስከ ፋሲካ ካልተገኘ ይውሰደው፤ እንዲህ ቆሞ ከማየው ባላየው ይሻለኛል» ብለዋል።

ልጁ በገበያው ውስጥ ምን ብሎ እንደ ጠየቀ ብንጠይቀው፥ «የ58 ቮልስ የፊት እግር ዕቃ ብዬ ነው፤ አባባ ሁልጊዜ የ58 ነው ይል ነበር» ሲል መለሰልን። ችግሩ ሁሉ ያለው በዚህች ቁጥር ውስጥ ነው። ሟቹ አባት ዓመቱን የቈጠሩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የዕቃ ነጋዴው መጽሐፍ ግን የሚቈጥረው በአውሮፓ ነው። በመካከሉ ያለው ሰባትና ስምንት ዓመት ለሰው ዕድሜ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለቮልስ ግን ሌላ አውቶሞቢል ማለት ነው። ፋብሪካው በኦገስት 1965፥ ማለት በእኛ በ1957 ዓ.ም. ክረምት፥ የፊቱን አክስል ለውጦ በኪንግ ፒን ፈንታ ቦል ጆይንት አገባበት። እንግዲህ በእኛ የ1958 የሆነው ቮልስ ባለ ቦል ጆይንት፥ በአውሮፓ የ1958 የሆነው ደግሞ ባለ ኪንግ ፒን ነው። ሞተሩም እንደዚሁ ነው፤ የፊተኛው 1,192፥ በዚያ ኦገስት የወጣው አዲሱ ደግሞ 1,285 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የፒስተኑ ስፋት በሁለቱም 77 ሚሊ ሜትር ሆኖ የምቱ ርዝመት 64 እና 69 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ ስፋቱን ብቻ ለክቶ «ይኼ ይሆናል» የሚል ሰው ይሳሳታል። ከውጭ ለሚያያቸው ግን ሁለቱም ያው ጥንዚዛ ናቸው።

ታዲያ ማን ይፍረድ? የሚፈርደው አውቶሞቢሉ ራሱ ነው። የኋላው መቀመጫ ወንበር ሲነሣ፥ በመካከል በሚያልፈው የብረት ጀርባ ላይ የሻንሲው ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። (ባትሪውም በዚያው ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ ብረት ነገር እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።) ልጁ ወንበሩን አንሥቶ አቧራውን በጨርቅ ቢጠርገው ዘጠኝ አሃዝ ወጣ፤ መጀመሪያውም 116 ነበር። ከ1964 ክረምት ጀምሮ እስከ 1969 ድረስ ፋብሪካው በዘጠኝ አሃዝ ሲጽፍ፥ 11 የቮልሱ ዓይነት፥ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ነው፤ እንግዲህ 116 ማለት የ1966 ሞዴል ነው። የአውሮፓው የ1958 ቢሆን ኖሮ ሰባት አሃዝ ብቻ ይኖረው ነበር። እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሲሰሙ፥ «እንግዲያ እሱ ልክ ነበር» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

በማግሥቱ ከልጁ ጋር ወደ መርካቶ ወረድን። ከቤቴል እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ፥ ከዚያም በልደታና በተክለ ሃይማኖት በኩል አልፈን ሶማሌ ተራ ደረስን። ሶማሌ ተራን ላላየ ሰው እንዲህ ነው ብሎ ማስረዳት ያዳግታል። ከሱቆቹ ደጃፍ ላይ በሮች እንደ መጻሕፍት ተደርድረው ቆመዋል፤ ዲናሞው ከዲናሞ፥ ማርሚታው ከማርሚታ ጋር ተከምሯል፤ ዘይት የጠጣው መሬት ከእግር በታች ይለሰልሳል። የሚነገረውም ቋንቋ ለብቻው ነው፤ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ቸርኬ፥ ኩሽኔታ ሲባል የሰማ ሰው፥ የጀርመን መኪና በጣሊያን ስም በአማርኛ ሲሸጥ ያያል። እኛ በዚህ አናዝንም፤ ቃሉ የሠራተኛው ከሆነ የአገሩ ነው።

የመጀመሪያው ነጋዴ የዓመቱን ነገር ገና ሳይሰማ፥ «የቮልስ የፊት እግር? አለ!» ብሎ ኪንግ ፒን አወጣ። ልጁ በዚህ ጊዜ አልተከራከረም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት የመጣውን አሮጌውን ቦል ጆይንት ከባንኮው ላይ አስቀመጠው። ነጋዴው አየውና ሣቀ፤ «ወንድሜ፥ ይህንን መጀመሪያ ብታሳየኝ ኖሮ ድምፄን አልጨርስም ነበር» ብሎ ሦስት ሱቅ አልፎ ወዳለ ሽማግሌ ላከን።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ዕቃውን በብሩሽ ፈተጉት፤ በጠርዙም ላይ በ131 405 የሚጀምር ቁጥር ታየ። የዚህን ቁጥር ትርጉም እርሳቸው ለልጁ እንደ ነገሩት እኛም ለአንባቢ እንናገራለን። የቮልስዋገን ዕቃ ሁሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ ዘጠኝ አሃዝ አለው። የፊተኛው ሦስት አሃዝ ዕቃው በመጀመሪያ ለየትኛው ዓይነት እንደ ተሠራ ያመለክታል። የመካከለኛው መጀመሪያ ክፍሉን ይናገራል፤ 1 ሞተር፥ 3 ካምቢዮ፥ 4 የፊት አክስል፥ 6 ጎማና ፍሬን፥ 9 ኤሌክትሪክ ነው። ከኋላ ፊደል ያለ እንደ ሆነ ዕቃው ከተሻሻለ በኋላ የተሠራ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ካርቶኑ በፖርቱጋል ቋንቋም ቢጻፍ አይደናገርም፤ ከብራዚልና ከሜክሲኮ የመጣው ዕቃ ይኸንኑ ቁጥር ይዞ ይገኛልና።

በየጎማው አንድ ላይኛ አንድ ታችኛ፥ በጠቅላላው አራት ያስፈልጋሉ፤ ላይኛውና ታችኛውም አንድ አይደሉም። ሽማግሌው ሁለቱን ታችኞች አዲስ፥ አንዱን ላይኛ አዲስ አገኙ፤ አራተኛው ግን ከተበተነ መኪና የወጣ ነበር። ከጎረቤት የመጣ ወጣት፥ «እሱን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስሞላት ነው» ቢል ሽማግሌው ተቈጡ። እኛም በዚህ ከሽማግሌው ጋር ነን። የበር መያዣ፥ የመስኮት ማንሻ፥ የማርሚታ ማሰሪያ ከየትም ቢመጣ፥ በብየዳም ቢጠገን ግድ የለም፤ ኪንግ ፒንም ቢሆን በጥሩ የቶርኖ ሠራተኛ እጅ አዲስ ቡሽ ይገባለታል፤ ሰው ተሸክሞ በሚዞር ቦል ጆይንት ላይ ግን ብየዳ አይፈቀድም። የቤት ገንዘብ የሚቈጥብ ሰው በሌላው ይቈጥብ።

ከዚሁ ጋር ሁለት ነገር ጨምረው ነገሩን። መብራት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ባትሪው ባለ 6 ወይም ባለ 12 ቮልት መሆኑን ይይ፤ የቀድሞዎቹ ባለ 6 ናቸው፥ የኋለኞቹ ባለ 12፤ አምፑሉ ከተለዋወጠ ወይ ይደበዝዛል ወይ ይቃጠላል። ካርቡራተርም የሚገዛ፥ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ከተማችን አየሩ ስስ መሆኑን ያስብ፤ ለባሕር ዳርቻ አገር የተቀዳው የቤንዚን ቀዳዳ እዚህ ሲሰፋ ጭስ ያበዛል።

ለአራተኛው ዕቃ ሽማግሌው የልጁን ስልክ ተቀብለው ቁጥሩን በመዝገባቸው ጻፉ። ከአሥር ቀን በኋላ ደወሉ፤ ከአዳማ ነበር የተገኘው። የቤቴሉ መካኒክ አራቱንም ከገጠመ በኋላ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሥቶ በሁለት እጁ ነቀነቀው፤ ዝም አለ። እመቤቲቱም የዘጠኙን አሃዝ ቁጥር በልጃቸው አስጽፈው፥ ከባለቤታቸው ሊብሬ ጋር በአንድ ኪስ ውስጥ አኖሩት። ብረት ገዢው በዚያው ሳምንት ሁለተኛ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ፥ አውቶሞቢሉ ከኮባው ሥር አልነበረም፤ ልጁ ወደ ጦር ኃይሎች ይዞት ወጥቷል።