ሞላና ኮረኮንች

የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛውን ሻጩ ይነግረናል፤ ሁለተኛውን ዘመን ቀስ እያለ ይነግረናል። የመጀመሪያውን ተከራክረን እናስቀንሰዋለን፤ ሁለተኛው ግን ክርክር አያውቅም። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የወደድሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዋጋ ነው፤ መንገዴም ሳይክል ነው። ሳይክል ስል ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለውን፣ የተራራ ሰዎች «ፉል ሰስፔንሽን» የሚሉትን ማለቴ ነው።

በየካ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው እንጦጦ ከጓሮው ጀርባ የቆመ ግድግዳ ነው። ከሾላ፣ ከላምበረት፣ ከኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት መቀመጫቸው እዚያ ነበረ። ከተማይቱ ወረደች፤ ተራራው ለማርያምና ለራጉኤል፣ በኋላም ከአውስትራሊያ ለመጣው ባሕር ዛፍ ቀረ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት የተነጠፈ መንገድና የብስክሌት መሄጃ ተሠራ። ይሁን እንጂ ከፓርኩ ውጭ ወደ የካ የሚወርዱት የጫካ መንገዶች እንደ ቀድሞው ናቸው፦ የተፈለፈለ ድንጋይ፣ ከመሬት የወጣ የዛፍ ሥር፣ ክረምት የቆፈረው ቦይ። ልቤ የከጀለው እነዚያን ነበር።

የእኛ አገር የብስክሌት ታሪክ የአስፋልት ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጎን እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ተራራው ግን ከበራችን ላይ ቆሞ የሩጫ ሰዎች ብቻ ርስት ሆኖ ኖረ። ጎህ ሲቀድ በባሕር ዛፉ መካከል የሚታየው አትሌት እንጂ ሳይክለኛ አይደለም።

የተራራ ሳይክል የሚባለው ነገር ራሱ የተወለደው ከአሮጌ ዕቃ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ ላይ ጥቂት ወጣቶች የአባቶቻቸውን ዘመን ወፍራም ጎማ ሳይክሎች ከየጓሮው እየሰበሰቡ ቁልቁል ይለቁባቸው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ፍሬም ሠራ። በ1989 ፖል ተርነር የተባለ ከሞተር ሳይክል ዓለም የመጣ ሰው የፊት ሾክን ለገበያ አቀረበ። የኋላው ሾክ በቀጣዮቹ ዓመታት ተስፋፋ። እንግዲህ «አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?» የሚለው ጥያቄ ከሳይክሉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄው ወደ እኔ ቤት የገባው የዕቁብ ዕጣዬ በወጣ ሰሞን ነው። ገንዘቡ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የባለቤቴ ድርሻ አለበት፤ የልጃችንም የትምህርት ቤት ክፍያ በዓይኑ ያየዋል። ባለቤቴ አልከለከለችኝም። «ግዛ፤ እንደ እማማ ማሽን ግን እንዳይሆን» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምክር አላስፈለገኝም።

እማማ ያለቻት እናቴን ነው። እናቴ በሲንጀር የልብስ ስፌት መኪናዋ አሳደገችን። አንድ ቀን ከሆዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት ተሰበረች። ያቺ ብረት ከመርካቶ እስከ ፒያሳ ተፈልጋ ታጣች፤ ተመሳስላ የተሠራችውም ወር አልቆየችም። መኪናው ዳንቴል ለበሰ፤ ቴሌቪዥን ተሸከመ፤ ጠረጴዛ ሆነ። ዕቃ ሲሞት ድምፅ እንደማያሰማ ያኔ አይቻለሁ። ሁለንተናው ደህና ሆኖ፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ አንዲት መለዋወጫ በማጣት ብቻ ይሞታል።

ሁለት ዕጩዎች ነበሩ። አንደኛው ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቅ፣ የፊት ሾክ ብቻ ያለው አዲስ ሳይክል፤ ሁለተኛው ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ይዞት የመጣ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ፉል ሰስፔንሽን። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ነገሩ ባንክ ቤት ለሚሠራ ሰው እንቆቅልሽ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። በዶላር የሚመጣ አዲስ ዕቃ ሁሉ አብሮት ከፍ አለ። ያገለገለውም ሳይንቀሳቀስ፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይነዳ፣ ከአዲሱ ኋላ ኋላ እየተጎተተ ተወደደ።

ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጡ፣ ከኋላም ሞላ የተደረገላቸው አዲስ ሳይክሎችም አሉ። እነርሱን ወዲያው ተውኋቸው። ያ ሞላ ሲጨመቅ የሚያበርደው ዘይት የለውም፤ ሰው ሲረግጠው እንደ ሶፋ ይዘልላል፤ ክብደት ይጨምራል እንጂ ሥራ አይሠራም። የኋላ ሾክ ያለው ርካሽ ሳይክል ከመግዛት የኋላ ሾክ የሌለው ደህና ሳይክል መግዛት ይሻላል። ይህን ማንም የሳይክል ሰው ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው ሾክ ለመቀመጫ ምቾት የተሠራ ይመስለዋል። ምቾቱ ትርፍ ነው። ዋናው ሥራው ጎማውን ከመሬት ጋር ማቆራኘት ነው። ኮረኮንች ላይ የኋላው ድርቅ ያለ ሳይክል ይነጥራል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይገፋም፣ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይሰማም። ሾኩ ድንጋዩን ሲውጥለት ግን ጎማው ከመሬቱ ጋር ንግግሩን አያቋርጥም።

የሾክ ልክ የሚነገረው በሚሊ ሜትር ነው፤ እስከ ምን ያህል ሊጨመቅ እንደሚችል። ከ100 እስከ 120 ያለው ለመውጣትና ለረጅም መንገድ፣ ከ130 እስከ 150 ያለው ለሁሉም ዓይነት ጫካ፣ ከ160 በላይ የሆነው በይበልጥ ለቁልቁለት ይመረጣል። እንጦጦ ላይ መውረድ የሚገኘው በመውጣት ብቻ ነው። የተራራው ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የኋላ ሾክ የሚጨምረው አንድ ሁለት ኪሎ እዚያ ላይ ኪሎ መሆኑ ቀርቶ ኩንታል ይመስላል። ስለዚህ ለዚህ ተራራ 120 ይበቃል ብዬ ቆረጥሁ፤ ያገለገለውም ባለ 120 ነበረ።

ሾላ አካባቢ ሳይክል ሲጠግኑ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ አባት አሉ። አብረውኝ እንዲያዩልኝ ለመንኋቸው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ከዚያ ቀን የተማርሁትን እነሆ፤ ምናልባት ከእናንተ ለአንዱ ይጠቅም ይሆናል።

ጋሼ መጀመሪያ ሳይክሉን ገለበጡት። ከፔዳሉ በታች ያለው የፍሬም ቁጥር የተፋቀ እንደሆነ ለማየት ነው፤ የተፋቀ ቁጥር የተሰረቀ ዕቃ ምስክር ነው። ቀጥለው ብየዳዎቹንና የሚታጠፉትን መገጣጠሚያዎች በጨርቅ ጠርገው በባትሪ መረመሩ። በቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ፍሬሙ ተሰንጥቋልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። የሾኩን ዘንግ በጥፍራቸው ዳሰሱት። ጥፍርን የሚይዝ ጭረት ጎሚኒውን ይበላል፤ ጎሚኒው ከተበላ ዘይቱ ይወጣል። ከዚያ ኮርቻውን ይዘው ሳይክሉን በትንሹ ከፍ ዝቅ አደረጉትና ጆሯቸውን ሰጡ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ኩሽኔታው ነው ልጄ» አሉኝ። «ኩሽኔታ አትፍራ፤ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ታገኘዋለህ። የምትፈራው ይህን ነው» ብለው የሾኩን ጎሚኒ አሳዩኝ። «ይህ ለዚህ ሾክ ብቻ የተሠራ ነው። እኔ ጋ የለም፤ መርካቶም የለም።»

በመጨረሻም እንድቀመጥበት አደረጉ። ሰው ሲቀመጥ ሾኩ ከጉዞው ሩብ ያህል፣ ቢበዛ ሠላሳ በመቶ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ብሎ ቆመ። እንደተቀመጥሁ ቆየሁ፤ ከዚያ በታች አልወረደም። አየሩ አይሾልክም ማለት ነው። ይህ አየር ግን በጎሚስታ ኮምፕረሰር የሚሞላ አይደለም፤ ከመኪና ጎማ ብዙ እጥፍ የበለጠ ግፊት ስለሚጠይቅ የራሱ ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለው። ያለዚያች ፓምፕ ፉል ሰስፔንሽን የሚገዛ ሰው ቁልፉ የጠፋ ቤት እንደሚገዛ ነው። ሻጩን ጠየቅሁት፤ አብራ ነበረች።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን ያዘነበለው ግን አንድ ምፀት ነው። ሳይክሉ ባለ 26 ኢንች ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ታላላቆቹ አምራቾች ይህን ልክ እየተዉ ወደ 27.5ና ወደ 29 ዞሩ። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሳይክል ዋጋው የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥሩ ጎማ ማግኘት እያስቸገረ ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የሠፈር ልጅ በሰዓት የሚከራየውም፣ ዳቦ የሚታደልበትም ሳይክል ባለ 26 ነው። ጎማው በየሠፈሩ አለ። እዚያ ዘመን ያለፈበት እዚህ ሁሉም ጠጋኝ የሚያውቀው ሆነ። ዕቃ የሚያረጀው በዓመት ብቻ አይደለም፤ ከሚጠግነው ሰው ሲርቅም ያረጃል። በአንጻሩም አሮጌ ዕቃ ጠጋኙ ዘንድ ሲደርስ ዕድሜው ይታደሳል።

ባንክ ብድር ስንሰጥ መያዣውን የምንመዝነው ዛሬ በሚያወጣው አይደለም፤ ነገ ክፉ ቀን ሲመጣ በሚያወጣው እንጂ። በዚያው ሚዛን መዘንሁት። ከመደብሁት ገንዘብ ሲሶውን አስቀርቼ ለሁለተኛው ዋጋ አዋልሁት። ለኩሽኔታ፣ ለካቴና፣ ለፍሬን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ለሚላክ የጎሚኒ ስብስብ ነው፤ አንድ ሳይሆን ሦስት፣ ገና ሾኩ ደህና ሳለ። በቀረው ሁለት እጅ ያገለገለውን ገዛሁ። ሲሶውን ለማስቀረት የማይችል ሰው ቢጠይቀኝ፣ ያለ ማመንታት የኋላ ሾክ የሌለውን አዲሱን ግዛ እለዋለሁ። የሚሰበር ነገር ባነሰ ቁጥር የሚጎድል መለዋወጫም ያንሳልና።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጫካው እወርዳለሁ። ሾኩ የተባለውን ያደርጋል፤ ድንጋዩን ይውጣል፤ መዳፌና ወገቤ ሰላም ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ ግን እንጨት ተሸክመው ወደ ፈረንሳይና ወደ ቀበና የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ወገባቸው ታጥፎ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። ሳገኛቸው ከሳይክሉ ወርጄ ከመንገዱ ወጥቼ እቆማለሁ፤ መንገዱን በእግራቸው ያወጡት እነርሱ ናቸውና። ሲያልፉ ጉልበታቸውን አያለሁ። በየድንጋዩ ላይ በጥቂቱ ይታጠፋል፣ ይቀበላል፣ መልሶ ይገፋል። ፖል ተርነር የሠራው ሥራ ይኸው ነው። ልዩነቱ ለእኔ ሾክ ሦስት ጎሚኒ በመሳቢያዬ ተቀምጧል፤ ለእነርሱ ጉልበት ግን መለዋወጫ የሚልክ ዘመድ በየትም አገር የለም። አንዳንዴ ካለፉ በኋላ ቶሎ አልሳፈርም።

ባለፈው ሳምንት ቆሜ ሳለሁ ይህች መጣችልኝ፦

ለጎማዬ አለው ሞላ ከነዘይቱ፣
ድንጋይ ቢመታውም የሚውጥ ከፊቱ፤
እንጨት ላዘለች ግን ለደከመች እቱ፣
ማን ሠራላት ሞላ ለጉልበት ለአጥንቱ?

ቸር ይግጠመን!