አጭር ማርሽ

ወንድሜ ቨርጂኒያ ውስጥ በሳምንት ስድስት ቀን አውቶማቲክ ታክሲ ይነዳል፤ ማርሹን መኪናዋ ራሷ ትቀይራለች። ለእሁድ ግን ማንዋል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችው። ይህች ባለ ሁለት ወንበር መኪና በ1989 እ.ኤ.አ. ከወጣች ጀምሮ ማርሿ አጭር ነው ትባላለች። እሱ ግን ያጠራቀመውን አውጥቶ ይበልጥ አጭር የማርሽ ዘንግ አስገጠመላት። "ፍጥነት ጨመረች እንዴ?" ስለው ሳቀ።

ነገሩ ተራ የዘንግ ሕግ ነው። የላዩ ሳይነካ ከመደገፊያው በታች ያለው ሲረዝም፣ እጅ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፤ የሚጠየቀው ጉልበት ግን ይጨምራል። ሲንክሮናይዘሩም የማርሾቹን ዙር ሳያስማማ አያስገባም፤ እጅ ስለቸኮለ እሱ አይቸኩልም።

ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው? ነድቼ አየኋት። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስቀይር መዳፌ ላይ ቀጭ! አለ፤ ከበድ ብሎ። እናንተዬ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ሥራ የተነፈገ እጅ ለዚያች ክብደት ቢከፍል ምን ይገርማል?