መምህር ያልተከተለው ዱቄት

በጋይንት የቤት ግድግዳ የሚመረገው በጭቃ ነው፤ ጭድ ተነስንሶበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ሰንብቶ በበሰለ ጭቃ። መራጊው ሲመሽ እጁንና ባልዲውን ባገኘው ውኃ ይለቃለቃል። ጭቃው ይሟሟል፤ አፈርም ወደ አፈሩ ይመለሳል። ስለ እጣቢው የሚጨነቅ የለም።

ሲሚንቶ ሌላ ፍጥረት ነው። ብዙዎቻችን ደርቆ የሚጠነክር ይመስለናል፤ እርሱ ግን የሚጠነክረው ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ነው። ውኃ ውስጥ ቢያድርም ድንጋይ ይሆናል። መሐንዲሶች ጥንካሬውን በ28ኛው ቀን የሚለኩትም እስከዚያ ውኃውን እየጠጣ ስለሚበረታ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ዱቄት ከፍሳሽ ቧንቧ የተሻለ ማደሪያ ከወዴት ይገኛል?

እናቴ ከቤተ ልሔም አካባቢ ወደ ነፋስ መውጫ የመጣችው ጉልበቷ ከደከመ በኋላ ነው። ሌሊት ወደ ጓሮ እንዳትወጣ ብለን መታጠቢያና መጸዳጃ ከቤቱ ጋር አያይዘን አሠራንላት። ሴራሚኩ ተነጥፎ ሠራተኞቹ በሄዱ በሳምንቱ ውኃው አልወርድ አለ፤ ወደ ላይም ይመለስ ጀመር። እናቴ አልተማረረችም። ብቻ ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት ተወች። «አልጠማኝም ልጄ» ትለኛለች። ያልጠማት ሌሊት መነሣትን ፈርታ እንደ ነበር ለመረዳት ብዙ አላሰብሁም።

አንዱ አሲድ ጨምሩበት አለን። የቧንቧ ሠራተኛው ግን እንቢ አለ። አሲድ ሲሚንቶውን ቢበላ አሸዋውን አይነካም፤ ጭሱ ሳንባ ያቃጥላል፤ በረኪና ካገኘ ደግሞ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ኮስቲክ ሶዳም ለቅባት እንጂ ለሲሚንቶ መድኃኒት አይደለም። ሰውየው ሽቦ ሰድዶ የተዘጋበትን ስፍራ ለካ፤ ወለሉን በመሮ ከፈተ፤ ክንድ የምታህል የፒቪሲ ቧንቧ በመጋዝ ቆርጦ አወጣና በአዲስ ተካ።

ቁራጩን ለሁለት ሰነጠቅነው። ውስጡ ግራጫ ድንጋይ ሞልቶታል፤ ድንጋዩም ንብርብር ነው። በባንክ የምንውል ሰዎች የመዝገብ መስመር ማንበብ ልማዳችን ነውና ቆጠርሁት፤ ሰባት ሆነ። ሴራሚኩ የተነጠፈው በሰባት ቀን ነበር። በየምሽቱ የታጠበው ባልዲ ሒሳቡን በዚያ አስመዝግቧል።

ባልዲውን ያጥብ የነበረው ወጣት ተጠርቶ መጣ። የጭቃ መራጊ ልጅ ነው። ድንጋዩን እያገላበጠ ሲያይ ቆይቶ፣ «ውኃ ከበዛበት የሚሄድ መስሎኝ ነው ጋሼ» አለኝ። ልቆጣው አልቻልሁም። ከአባቱ የተማረው እውነት ነበር፤ እውነትነቱ ግን ለጭቃ ነው።

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዜማውን የሚማር ሰው በመምህሩ ፊት ዓመታት ይቀመጣል፤ ስሕተቱ እየታረመ፣ እስኪመሰከርለት ድረስ። ሲሚንቶ ወደ ሀገራችን በከረጢት መጣ፤ መምህሩ ግን አብሮት አልመጣም። ልጁ ከረጢቱን እንዲሸከም እንጂ በውስጡ ያለውን ጠባይ እንዲያውቅ የነገረው አልነበረም።

የቧንቧ ሠራተኛው እዚያው ቆሞ ነገረው። ዕቃ በበርሜል ይታጠባል፤ እጣቢው ያድራል፤ የጠለለው ውኃ ከቡቃያና ከጉድጓድ ርቆ ይደፋል፤ ከሥር የረጋው ሲደነድን ከፍርስራሽ ጋር ይጣላል። ወደ ቧንቧ አንዲት ጠብታ አትገባም።

ልጁ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ የተሰነጠቀውን ቁራጭ እንድሰጠው። ለሥራ ባልደረቦቹ ሊያሳያቸው ነው። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት።