ለምን ሣልሽው?

ሥዕል የምትወዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ዲግሪ አለሽ፤ ለሥዕል ደግሞ ማስተርስ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እናቴም ጠይቃኛለች። የእርሷ ጥያቄ ይከብዳል፤ የምማረው እንጀራ ጋግራ በምትሸጥበት ገንዘብ ነውና።

ትምህርቱ እጄን ይበልጥ የሚያፍታታልኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በብዙ ቦታ 2 ዓመት ያህል ይወስዳል። ስቱዲዮ ገብታችሁ ትሠራላችሁ፤ መምህራንና የክፍል ጓደኞቻችሁ ሥራችሁ ፊት ቆመው «ለምን?» ይሏችኋል። በመጨረሻም ኤግዚቢሽን ታቀርባላችሁ፤ ስለ ሥራችሁም ትጽፋላችሁ።

በመጀመሪያው ወር እናቴን ምጣድ አጠገብ ሣልኋት። የነጠላዋ እጥፋት፣ ጭሱ፣ ሁሉም ነበረ። ጓደኞቼ አደነቁ። አንድ መምህሬ ግን ዝም ብለው ካዩት በኋላ፣ «ይህች የማንም እናት ናት። ያንቺዋ የት አለች?» አሉኝ። አለቀስሁ። ሳምንት ሙሉ ብሩሽ አልነካሁም፤ ለመልቀቅም ማመልከቻ ጻፍሁ።

ማመልከቻውን ላስገባ ባሰብሁበት ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነቃሁ። እናቴ ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሳለች። የቀኝ እጇ አውራ ጣት ጥፍር የለውም፤ እሳት በልቶታል። ዕድሜዬን በሙሉ ከዚያ እጅ በልቻለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። ሸራዬ ላይ ያለው እጅ የሚያምር እጅ ነበር። የእርሷ አልነበረም።

ማመልከቻውን ቀደድሁት። ያንን እጅ ብቻ በትልቅ ሸራ ሣልሁት። ላሳያት ቤት ሳመጣው ጣቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይህን ደግሞ ለሰው ልታሳዪው ነው?» አለችኝ። ሳልጠይቃት መሣሌ ያን ጊዜ ገባኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሥዕሉንም ግድግዳው ላይ ገልብጬ አቆምሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ራሷ መልሳ አዞረችው። «መምሰሉንስ መስሏል፤ ውሰጂው» አለችኝ።

በኦሪት ዘጸአት ባስልኤል ለእጅ ሥራ ጥበብ እንደ ተሰጠው እናነባለን። አለ ፈለገ ሰላምም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ። መንገዱ እንግዳ አይደለም።

ለማመልከት የሥራችሁን ናሙና ትጠየቃላችሁ። ከመላካችሁ በፊት ግን ቤታችሁ ያለውን እጅ እዩ። ለመሣልም ፈቃድ ጠይቁ።