ለአዲስ አበባ አየር የሚሆን ካርቡራተር

ባለ ቮልሱ ሞተሩን ያስወረደው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መኪናዋ የአባቱ ናት፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ አራት ዓመት ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሲያስነሳት ግን እንደ ድሮዋ እንድትሆን አልፈለገም። 1600 የነበረውን ሞተር በሰፋፊ ፒስቶንና ሲሊንደር 1776 ሊያደርገው፣ ላዩ ላይ ደግሞ በአንዱ ሶሌክስ ካርቡራተር ፋንታ ሁለት ዌበር 40 ሊጭንበት ወሰነ። ካርቡራተሮቹን ዋሽንግተን ያለችው እህቱ በሻንጣ ይዛለት መጣች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዕቃ በብር ሲመታ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋጋውን ለሚስቱ አልነገራትም።

ቄራ አካባቢ ያሉት መካኒክ ሳጥኑን ከፍተው አገላብጠው አዩት።

“የተስተካከለው ለየትኛው አገር ነው?” አሉ።

“አዲስ ነው ጋሼ፣ ገና አልተነካም።”

“አዲስነቱንማ አየሁ። ለየትኛው አገር አየር ነው የምልህ።”

ጥያቄው የቀልድ ይመስላል፣ ግን የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ባህር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ደግሞ ኮምፒውተር የለውም፣ አየሩን አይመዝንም። አየር በጠባቧ ጉሮሮ ሲሮጥ የሚፈጠረው መሳብ ቤንዚኑን በጂግለሯ ቀዳዳ ይጎትተዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስሌቱ ሲሠራ ባህር ዳርቻ ልክ የነበረ ካርቡራተር እዚህ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ያጠጣል። ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ይተፋል፣ እንጦጦ ሲወጣ መኪናው ያለከልካል። ብዙ ሰው ይህን “ሞተሩ ደክሟል” ብሎ ይተረጉመዋል። የቤንዚን ሊትር ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ያቺን 15 በመቶ ዝም ብሎ መተንፈስ የሚችል ኪስ ያለው ጥቂት ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ዌበሮቹ 115 ቁጥር ዋና ጂግለር ይዘው መጡ፤ ይህም ቀዳዳዋ 1.15 ሚሊ ሜትር ያህል ናት ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ወደ 107 ወይም 110 መውረድ አለባት። የሚሊ ሜትር መቶኛ ቤት ሥራ ነው። አንዳንድ ጋራዥ ጂግለር በሽቦ “ማጽዳት” የሚባል ልማድ አለ፤ ሽቦው ነሐሱን ፍቆ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ባለመኪናውም ያልገባው ቤንዚን ሲከፍል ይኖራል።

ጓደኞቹ የጉሮሮውን ስፋት ከ28 ወደ 32 ሚሊ ሜትር እንዲያሳድገው መክረውት ነበር። ትልቅ ሲሆን ይበራል የሚል እምነት አለ። እውነታው ሌላ ነው። ጉሮሮው ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፣ መሳቡም ይደክማል፤ ሞተሩ ከ5,000 ዙር በላይ ሲዞር ይጠቅም ይሆናል፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ በሁለተኛ ማርሽ ለሚሄድ ሰው ግን መንገጫገጭ ነው። አየሩ ራሱ በሳሳበት ከተማ ደግሞ ይብሳል። 28ቱ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ የፓምፑ ነገር መጣ። ልጁ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሊገዛ ነበር፣ “የፋብሪካው ሜካኒካል ፓምፕ ለሁለት ካርቡራተር አይበቃም” ተብሎ። መካኒኩ ብዕር አወጡ። ይህ ሞተር ባህር ዳርቻ 90 የፈረስ ጉልበት ቢሰጥ፣ እዚህ ከ65 ብዙም አያልፍም። ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 250 ግራም ቤንዚን ቢታሰብ 16 ኪሎ ግራም ግድም፣ በሊትር 22 ይሆናል። የፋብሪካው ፓምፕ በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ይገፋል፤ በሰዓት 24 ሊትር። በቃ። ጉልበቱን የቀማው ከፍታ ፓምፑን አበቃው።

የሜካኒካል ፓምፕ ሌላም ጥቅም አለው፦ ሞተሩ ሲቆም እሱም ይቆማል። የኤሌክትሪኩ ግን ግጭት ሲደርስ የሚያጠፋው መቁረጫ ካልተገጠመለት ቤንዚኑን መግፋቱን ይቀጥላል። ቮልስ ደግሞ እሳት የሚወድ መኪና ነው። ቤንዚኑ ወደ ሶሌክሱ የሚገባባት የነሐስ ቱቦ በዕድሜ ብዛት ትላላና ትወልቃለች፣ ከሥሯ የጋለ ሞተርና ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አለ። መንገድ ዳር የተቃጠለ ቮልስ ያየ ሰው ምክንያቱን ከዚህ ይጀምር።

ነገር ግን የሜካኒካል ፓምፕም ተንኮል አለው። በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ያለች ጎባጣ ናት በበትር የምትገፋው። ባለ ዲናሞው ሞተር በትሩ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባለ አልተርኔተሩ 100። ሶማሌ ተራ ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ዲያፍራሙን ይቀደዋል፤ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይበላል። ግፊቱም እንዲሁ፤ ዌበር ከ0.25 ባር በላይ ከተገፋ ሳህኑ ሞልቶ ይፈስሳል። አዲስ ከሚሸጡት ፓምፖች ከዚህ የሚያልፉ አሉ። በፓምፑ ሥር አንድ ሁለት ተጨማሪ ጋስኬት ማድረግ ግፊቱን ያወርደዋል።

እዚህ ላይ ልጁ ትንሽ ተከራከረ። “ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለማርጀቷ መኪና? አገሩ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው እኮ።”

አገሩ በእርግጥ እየሄደ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም ተብሏል፣ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሬ ላየ ሰው ውሳኔው ምክንያት አለው። ግን ክልከላው የገባውን አያስወጣም። አሮጌዎቹ መኪኖች ለብዙ ዓመት መንገዱ ላይ ይቆያሉ፣ ተተኪ ስለሌላቸውም ዋጋቸው ይጨምራል። ጂግለር ለይቶ የሚያውቅ መካኒክ ግን እያነሰ ነው፤ ወጣቶቹ ኮምፒውተር ሰክተው ማንበብ ነው የሚማሩት፣ ካርቡራተር ላይ ደግሞ የሚሰካበት የለም።

መካኒኩ ለጥያቄው መልስ አልሰጡም። የፓምፑን ቱቦ ከካርቡራተሩ ነቅለው የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት፣ ሞተሩ ሳህኑ ውስጥ በቀረው ቤንዚን እንዲዞር አደረጉና ሰዓታቸውን ያዙ። ደቂቃው ሲሞላ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሱት። ሞልቶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር።

በዚያው ሳምንት መኪናዋ ከ107 ቁጥር ጂግለር ጋር ወጣች። ልጁ የአባቱን ዘመዶች ሊጠይቅ ድሬዳዋ መውረድ እንደሚፈልግ ሲናገር መካኒኩ 115ቶቹን በባዶ ክብሪት ቀፎ ከተው ሰጡት። አዋሽ ከአዲስ አበባ 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ አየሩ ይወፍራል፣ በ107 ረጅም መንገድ ከተነዳ ሞተሩ ይግላል።

“ሞጆ ላይ አትቀይር፣ ገና ነው” አሉት። “መተሃራ ስትደርስ ጥላ ፈልግ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ቡናህን ጠጣ፣ ከዚያ ቀይር። ስትመለስም እዚያው።”